ለእንግሊዛዊው የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ እንግሊዛዊ የመጣጥፍ ጸሐፊ እወዳለሁ። ስሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ በሕይወት ሳለም ብዙ የጠራው ስላልነበር አይከፋውም። የዘመኑ ዝነኞች ስለ መንግሥትና ስለ ጦርነት ሲጽፉ እሱ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ጠባብ ጫማና አልሄድ ስላለ እንግዳ ይጽፍ ነበር። መጽሐፉን ካልጋሪ ውስጥ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ አግኝቼ፣ ዳውንታውን ወዳለው ሥራዬ በባቡር ስመላለስ ሦስት ክረምት ሙሉ ደብተር ላይ ወደ አማርኛ መለስኩት። ከእኔ በቀር ያነበበው ሰው አልነበረም።

ሳቫና በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር፣ በአንድ ወዳጃችን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ በየወሩ የሚሰበሰብ የንባብ ማኅበር አለን። ተራዬ ሲደርስ እሱን ላስተዋውቅ ቆረጥኩ። ካልወደዱት ትርጉሙን እርግፍ አድርጌ ልተው ለራሴ ምዬ ነበር። ሰብሳቢያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣

«ለመሆኑ ይሄ ፈረንጅ ለእኛ ምን ይረባናል?» አሉ።

እልህ ያዘኝ። ክብሩን ላሳያቸው ብዬ፣ በጥቁር ሱፌ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ሰው በእኛ ወግ በሚከበርበት መንገድ የሕይወት ታሪኩን ከልደቱ ጀምሬ በዝግታ አነበብኩ። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ከሚለው ስደርስ፣ ዘግይተው የገቡ አንዲት እናት ደረጃው ላይ ቆመው ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ።

«ውይ በሞትኩት! መቼ ነው ያረፉት? ምነው ኮል ሳታደርጉልኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል!» አለ አንዱ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዳኑኝ እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣

«በል እንግዲህ፣ አንዴ ቀብረናቸዋል። አሁን የጻፉትን አሰማን» አሉኝ።

ስለ እንግዳው የጻፈውን ገለጥኩ። እንግዳው «በሉ ልሂድ» ብሎ ይነሳል፤ ኮቱን ይለብሳል፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ዋናውን ወሬ ይጀምራል። የቤቱ ባለቤት በብርድ እየተንቀጠቀጠ «እውነትዎን ነው» ይላል።

«ይሄማ የእኔ ባል ነው!» አሉ እትዬ።

«በማይነስ ሠላሳ! የሂቲንጉ ሙቀት ሙልጭ ብሎ ይወጣል እኮ!» አለ ቤዝመንቱን የሰጠን ወዳጃችን።

ጋሼ ከንፈራቸውን ነክሰው ጥቂት ታገሉ። አልሆነላቸውም፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እሷን ድገማት!» ደገምኩ። የጉንፋኑን ጠየቁ፣ አነበብኩ። የጫማውን ጠየቁ፣ እሱንም አነበብኩ። ደስታዬን የምደብቅ ሰው አይደለሁም፤ ድምፄ የሰርግ ሚዜ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ልንበተን ስንል ጋሼ ብድግ አሉ። «የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ነበር፤ ለፈረንጁ ሰጥቻለሁ። እስከዚያ ግን አልታገሥም» ብለው ደብተሩን ከእጄ ወስደው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። ቅጂ የለኝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።