ለአንድ ንጋት የተከራየነው ቤት

ዛሬ ጠዋት ልጄ አለምነሽ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ወንድሟ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ እዚያ አገር ከተበጠበጠ ወዲህ ስልኩ ከእጇ አይለይም። የምታሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ፈረንጆች በአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ይኖራሉ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው አበባ ሳይቀር አለ።

"እማ፣ እንዲህ መኖር አያስቀናም?" አለችኝ።

"ኧረ ወዲያ!" አልኳት። እሷ ሳትወለድ እኔና አባቷ እንዲያ እንደኖርን ነግሬያት አላውቅም።

ያን ጊዜ ሱዳን ነበርን፤ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ባሌ ሙላት አንድ የዶካ ሰው ተስፋ የቆረጠባትን አሮጌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ሱዳኖች ሐፍላ ይሏታል። ሰሊጥ ሲደርስ ሠራተኛ ከዶካ እየጫነ ወደ ባሱንዳ እርሻዎች ያደርሳል፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ደግሞ ለጥጥ ለቀማ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ እንወርዳለን። "ሥራው ራሱ እየዞረ ቤት ምን ያደርግልናል?" ብሎ የኋላውን ወንበር ነቅሎ ሳንቃ ደረደረበት። ሲመሽ አልጋችን ነው፤ ሲነጋ የሠራተኛ መቀመጫ። ፍራሹን ጠቅልዬ ጣሪያው ላይ ስወረውር ቤቴ በሰው ይሞላል፤ ላብ፣ ናፍጣና የሰሊጥ አገዳ ይሸታል። እኔ የሽንኩርት ዘንቢሌን ታቅፌ ከፊት እቀመጣለሁ። አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር።

ጥቅምት ላይ አያ ታከለ ከአገር መጡ። የሰፈራችን ሰው ናቸው። ገና ሲስሙኝ "እናቴ ደህና ናት?" አልኳቸው።

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ሙላትን ወደ መኪናው ጀርባ ወሰዱት። እናቴ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞታ ተቀብራ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። ሐዘንተኛው የሚወድቅበት ወለል፣ ሰው መጥቶ የሚቀመጥበት ግቢ ሊኖረው ይገባል። እኔ ምን ወለል አለኝ? ዛሬ ዶካ፣ ነገ ባሱንዳ። እናም ሐፍላዋ ላይ የሚሳፈረው የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በየቀኑ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ይላል። እኔ ብቻ አላውቅም።

ሰዉ ድንገት ደግ ሆነ። እኔ ስመጣ ቀልዱ ይቆማል። ሐብሐብ ሲሰነጠቅ መሃሉን፣ ቀዩን፣ ለእኔ ያነሱልኛል። ሙላት ውሃ ራሱ ይቀዳ ጀመር። "አረገዘች ብለው ነው" ብዬ በልቤ ሳቅሁ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ወይ እኔ!

ለእናቴ ሰማያዊ ቶብ ገዛሁላት፤ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ። አያ ታከለ ወደ አገር ሊመለሱ ሲሉ "በእጇ ይስጡልኝ፤ ምን እንዳለችም ይላኩልኝ" አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። "እሺ ልጄ" አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? አርባዋ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ኸሽም ኤል ቂርባ እንደደረስን ሙላት "ቤት ተከራየሁ" አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ቦዩ ዳር ያለች፣ በሯ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። ውሃ ረጨሁ፣ ጠረግሁ፣ ፍራሹን አነጠፍኩ። ስገላበጥ የማይንቀጠቀጥ ነገር ላይ ከተኛሁ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ሙላት ለብሶ ቁጭ ብሏል። ስከፍት የአገራችን ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢውን ሞልተውታል። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

"እናትሽ አርፋለች" አሉኝ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም። የጠረግሁትን ወለል በቦይ ጭቃ ሲረግጡት እያየሁ፣ ይህን ደግሞ ማን ሊጠርገው ነው አልኩ በልቤ።

"አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ" አለኝ ሙላት።

"መቼ ነው የሞተችው?"

"መስከረም።"

"አንተስ መቼ ሰማህ?"

አንገቱን ደፋ። "ቤት አልነበረንም፣ እንጉዳይ።"

"ቶቡስ?" አልኩት።

ወጣና ከሐፍላዋ ሳንቃ ስር አምጥቶ ሰጠኝ። አያ ታከለ የተቀበሉኝ ዕለት ነው የመለሱለት። ስንት ሌሊት ተኝቼበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ቤቱን ለቀን ወደ ሐፍላዋ ተመለስን። ማንም ክፉ አላሰበልኝም፤ አውቃለሁ። ሙላትንም አልጠላሁትም፤ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት አብሬው ኖርኩ። ቶቡ እንደታጠፈ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ያ እንባ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ሰው ሲያለቅስ ሳይ እቀናለሁ።

አለምነሽ ስልኳን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። መተማ ገበያ ላይ ሱቅ አላት፤ ሥራ አለኝ ሳትል ከአጠገቤ ስትውል ይህ ሳምንቷ ነው። ሐብሐብ በሳህን ይዛ ተመለሰች። መሃሉን፣ ቀዩን ነው ያመጣችልኝ፣ ፍሬውን ለቅማ።

ቀና ብዬ አየኋት።

"ወንድምሽ ጋ ደውዪልኝ" አልኳት።

"መጀመሪያ ብይ እንጂ፣ እማ።"

"አሁን ደውዪ። የምትነግሪኝ ነገር ካለም እዚሁ፣ በተቀመጥኩበት ንገሪኝ።"

ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት።