መድኃኒት በማዳበሪያው መጋዘን

ያሰሩኝ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች አማክራለሁ፤ እኔም አንዷ ነኝ። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የገጠሩ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጡን አነሣሁና «እዚህ ተቀምጦ ቀኑ ከሚያልፍበት ይላክላቸው» አልኩ። በማግስቱ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከቤቴ ወሰዱኝ። «ለጫካ መድኃኒት ልታሻግሪ ነው» ተባልኩ።

የገባሁት የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ማዳበሪያው ወጥቷል፤ ሽታው ግን አሁንም ዓይን ያስለቅሳል። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሥር አንዲት የቡሬ ገጠር እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያስላሉ። የታሰሩት «ልጅሽ ጫካ ገብቷል» ተብለው ነው።

ጠዋት እህቴ ምግብና የኪኒኔን ብልቃጥ ላከችልኝ። ጠባቂው በሩ ላይ ብልቃጡን አንቀጫቀጨው።

«የምን መድኃኒት ነው?»

«የኤች አይ ቪ።»

እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ጆንያቸውን ሳብ አደረጉ። እናቲቱ ግን ተነሥተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ብልቃጡን አገላብጠው አዩት።

«የእኔም ይኸው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መንገዱ ተዘጋና ቀረብኝ። ልጆቼ እንኳ አያውቁም።»

አንድ ኪኒን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ለሌላ ሰው አታካፍሉ እያልኩ የምመክረው እኔ ነኝ። እንደማያዛልቀን አውቃለሁ፤ እጄን ግን መመለስ አልቻልኩም።

«ተይው ልጄ» አሉና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «ያንቺን ቀንሼ ሁለታችንም ልንወድቅ?»

«እንግዲያው ለጠባቂዎቹ አለቃ ልንገርልዎ።»

«አንቺ አትንገሪ።»

ከሰዓት በኋላ አለቃው በር ላይ ቆሞ ሰው ሲጠራ፣ እናቲቱ ሳይጠሩ ተነሡ። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነቀበሌያቸው ተናገሩ።

«በሽታው እኔም ጋ አለ። መድኃኒቴ ይምጣልኝ።»

አለቃው አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

«ይታያል፣ እማማ።»

አልታየም።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ሐኪሙን ለምኜ የእሳቸውን መድኃኒት ይዤ ስመለስ፣ በሩ ላይ «ተዛውረዋል» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዛሬም ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ከቡሬ በኩል ሰው በመጣ ቁጥር፣ ስለ በሽታው ሳላነሣ፣ እንዲህ ያሉ እናት አይታችኋል ወይ እላለሁ። ስማቸውን አልረሳሁም። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ያን ቀንም ከራሳቸው በቀር ማንም እንዲናገርላቸው አልፈቀዱም።