በዘሃራ ግሪል ላይ የጠበስኩት ሥጋ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። እኔ ወሬ የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ሱሉልታ እህቴ ጋ ስሄድ ከኋላ ወንበር ጀምሬ ታክሲውን ሙሉ አስቄ ነው የምወርደው። ይህቺን አንዲት ነገር ግን ከማንም ጋር አላወራኋትም። አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይመስለኛል፤ ዘሃራንም ስለማታውቋት። ገና ሳልጀምር ፈሪነቴን አያችሁት።

ዘሃራ ቡራዩ ተከራይተን ስንኖር አንድ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ጠዋት በሯን ከፍታ «አካም ቡልቴ፣ ጥሩዬ?» ብላ በኦሮምኛዋ እንዴት አደርሽ ካላለችኝ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር። ሽንኩርት እንዋዋሳለን፣ ልጆቻችንን እንጠባበቃለን፣ አንዳችን ስንታመም ሌላችን ገንፎ እናገነፋለን። የማንዋዋሰው ሥጋ የነካ ዕቃ ብቻ ነበር። እሷ ክርስቲያን ያረደውን አትበላም፣ እኔም ሙስሊም ያረደውን አልበላም። ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ሁላችንም ያደግንበትን ነገር ማን ይነጋገርበታል? በኢዷ ቀን ለኔ በሌላ ድስት ሽሮ ትሠራልኛለች፣ በፋሲካዬ እኔ ዳቦና ለስላሳ ይዤላት እገባለሁ።

ከዚያ ግሪሉ መጣ። ሳዑዲ ያለው ወንድሟ ነው የላከላት። ጥቁር፣ ክዳን ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ሥጋው ውስጥ የሚሰካ ሙቀት የሚለካ ሽቦ አለው፣ ፊቱ ላይ የበሬ፣ የዶሮ፣ የዓሣና የአትክልት ሥዕል ያለባቸው ቁልፎች አሉት። ሥዕሉን ትጫኑታላችሁ፣ የቀረውን እሱ ያውቃል፤ እንዲያ ነው የተባለው። ባሏ ኦቦ ከድር ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይሄ ያበስላል ወይስ ይሰልላል?» አሉ። በሳቅ ሞትን።

አፑን ስልኬ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት፤ ስልክ ግን ራሴን አስተምሬ ከተማሩት እኩል እነካካለሁ። ዘሃራ ለፊደልም ለስልክም ትዕግሥት የላትም። «አንቺ ታውቂበታለሽ» አለችና ሰጠችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «ይሄ የሁለታችንም ይሁን። ሥጋ ብቻ አይንካው። ዓሣና ድንች እንጠብስበታለን። ዓሣን ማን አረደው አይባልም።»

እኔም ማልኩላት። ማንም ሳያስምለኝ፣ በማርያም ስም ማልኩላት።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራችን ዓሣ ነበር፤ ሙሉው፣ ጎኑን ተልትለን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ያሸነው። የዓሣውን ሥዕል ተጫንን። ጥቂት ቆይቶ ግሪሉም ስልኬም ጮኹ፤ ደርሷል። ዘሃራ ከፈተችና በቢላ ጫፍ ገለጥ አድርጋ፣ «ውይ! ይሄማ ገና እየዋኘ ነው!» አለች። ላዩ ወርቅ፣ መሐሉ ጥሬ። ደግመን ተጫንን። ድንቹ አማረ፣ ቃሪያው ከሰለ፣ ልጆቹ የከሰለውንም ተሻሙበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን እህቴ ጋ ሱሉልታ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። አየሁት። ግሪሉ ሥራ ጀምሯል፤ ከጎኑ የበሬ ሥዕል። በሬ! እህቴ ስታወራኝ አልሰማትም። ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ ግሪል ላይ የበላሁት ዓሣ ጉሮሮዬ ላይ የተመለሰ መሰለኝ። የሁለታችን ነው ያለችኝ እሷ አይደለችም? ሥጋ አይንካው ያለችው እሷ አይደለችም?

ቤት ስደርስ ዘሃራ በሰሃን ዓሣ ይዛ ጠበቀችኝ። «ቅመሺ፣ ዛሬ በስሏል።» ጠግቤያለሁ አልኳት። ከሷ ሰሃን እንቢ ማለት የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው። ኩሽናዋ ገብቼ ውኃ የምጠጣ መስዬ ክዳኑን አሸተትኩ። የልጆቿን ጣት አየሁ። የቅባት ማጠራቀሚያው ታጥቦ ተደፍቷል። ለምን ታጠበ? አልኩ በሆዴ። ባይታጠብ ኖሮም ለምን አልታጠበም እል ነበር። የተጠረጠረ ሰው ምን ቢያደርግ ይነጻል?

በሳምንቱ በሬው እንደገና መጣ። ከዚያም እንደገና። ስልኬን ከዘሃራ ይልቅ አመንኩት። ልጠይቃት አልችልም ነበር? ግድግዳው ማዶ እኮ ናት፤ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ሰው ነኝ። አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ማለት መልሱን መስማት ነው፤ እኔ ደግሞ ቂሜን ወድጄው ነበር።

እሑድ ዕለት ዘሃራና ቤተሰቧ ተጂ ያለ ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ። ስትወጣ ቁልፏን ሰጠችኝና «ግሪሉን ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ድንች ጥበሺበት ለልጆች» አለችኝ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ።

እኔ በሩ ላይ መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት ሄድኩ። ጎድን ገዛሁ። የዘሃራን ግሪል ቤቴ አምጥቼ ሰካሁ። ሥጋውን ደረደርኩበት፤ እኔ፣ በገዛ እጄ። ከዚያ ደግሞ የዓሣውን ሥዕል ተጫንኩ። አፑ ላይ «በሬ» ተብሎ እንዳይቀር ብዬ ነው። ሥጋውም ጥሬ ወጣ፣ ደግሜ ተጫንኩ። እዩት እንግዲህ፤ ማሽኑ የተጫኑትን እንጂ የጠበሱትን እንደማያውቅ ማስረጃው እጄ ላይ ነበር። ራሴ ዋሽቼው፣ በሷ ላይ ሲመሰክር ግን አመንኩት።

በላሁ። ጣፈጠኝ። አልዋሻችሁም፣ ደስም አለኝ።

ግሪሉን አላጠብኩትም። በሶፍት ጠረግኩት እንጂ፣ ሲያዩት ንጹሕ እስኪመስል ብቻ። እንዲነካቸው ፈልጌ ነበር። የነካችኝን ልንካት ነው ያልኩት። ተሳስቼ አይደለም፣ ረስቼም አይደለም። ፈልጌ ነው። መልሼ ኩሽናዋ አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው፣ ርቧቸው ገቡ። ዘሃራ ነጠላዋን ሳታወልቅ ዓሣ አውጥታ ግሪሉ ላይ አደረገች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ለማየት። ክዳኑን ከደነችና ቁልፉን ተጫነች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አወጣሁት። የበሬ ሥዕል።

ዓሣው ፊቴ ነው። በሬው ስልኬ ላይ ነው።

ዘሃራ አየችኝና ሳቀች። «አየሽው? ነግሬሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው የተውኩት። የዓሣው ቁልፍ ውሸታም ነው፣ የፈረንጅ ስስ ዓሣ ነው የሚያውቀው መሰለኝ። በበሬው ስሞክረው ግን እስከ አጥንቱ ያበስለዋል! ዋላሂ፣ እኔም ሳይንቲስት ሆንኩልሽ።»

ልጆቿ ሰሃን ይዘው ተሰልፈዋል። ዓሣው ገና አልደረሰም። አያችሁ፣ ጊዜ ነበረኝ። «ዘሃራ፣ አውጪው፣ አታብያቸው» ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ። ድምፅ ነበረኝ፣ እግር ነበረኝ፤ ገብቼ ሶኬቱን መንቀል እችል ነበር። ብመታው፣ ብገለብጠው፣ አበድኩ ብል እንኳ ይሻል ነበር። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ምን ትለኛለች ነው ያልኩት። የሷ ሃይማኖት፣ የልጆቿ አፍ አላሳሰበኝም፤ የኔ ስም ነው ያሳሰበኝ።

ግሪሉ ጮኸ። በሉ። ኦቦ ከድር ጣታቸውን እየላሱ «ዛሬ ምን አድርገሽበት ነው? ቅቤ ቅቤ ይላል!» አሉ። ዘሃራ በሙያዋ ኮራች። ትልቋ ልጅ ሀያት የዓሣውን ጭንቅላት ለኔ አስቀመጠችልኝ፣ እንደምወደው ታውቃለች። ያን ቀን እንቢ አላልኩም። በላሁት።

በማግስቱ ሌላ ውሸት ጨመርኩ። ግሪሉ ነዘረኝ አልኳት። ለልጆቹ ፈርታ አላስነካም አለች፤ ወንድሟ ከሰው ቤት ሠርቶ የላከላትን ዕቃ ቆራሌው እንደ ብረት አንጠልጥሎት ሄደ። «እንኳን አንቺን አተረፈልኝ» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ እነሱ ሰበታ የራሳቸውን ቤት ሠርተው ገቡ፣ እኔ ቡራዩ ቀረሁ። መጠያየቃችን አልቀረም። ባለፈው ሀያት ስታገባ ዘሃራ ከሠርጉ አስቀድማ አስጠራችኝ። ግቢዋ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ አዲስ ድስቶች፣ አዲስ ቢላዎች፣ አዲስ ጭልፋዎች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ለክርስቲያን እንግዶቼ ናቸው» አለችኝ። «በሬውም ለብቻው ነው፣ የሚያርደውንም ከናንተ ወገን አንቺ አምጪልኝ። እዚህ ጥግ ላይ ቁሚና ማንም ከዚያኛው ድስት ጭልፋ ይዞ እንዳይመጣ ጠብቂልኝ። በኔ ቤት የሰው ሃይማኖት አይነካም። ለሌላ ሰው አልሰጠውም፣ ጥሩዬ። አንቺን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማምንሽ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ስሟን ጠርቼ ነበር።

«ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«ደከመኝ መሰለኝ» አልኩ።

ሮጣ ወንበር አመጣችልኝ። ተቀመጥኩበት። ሠርጉን ሙሉ ያን ጥግ ጠበቅኩ፤ አንዲት ጭልፋ አላሳለፍኩም። እንግዳው ሁሉ በእምነት በላ፣ መረቀኝም።

ተጠራጥሬ ነው ብዬ ላመካኝ? ዓሣው ከመብሰሉ በፊት ጥርጣሬዬ ሞቶ ነበር፤ የበሉት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ዘሃራ ናት። ዘሃራ ደግሞ ምን እንዳበላኋት አታውቅም።