ነጯ ድራግ

ከጓደኛዬ ጋር ሮተርዳም ወደብ አንድ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዘመን ካርቶን አንሥተናል። ድራግ የሚባለውን ነገር ያስለመደኝ እሱ ነው። ድራግ ማለት ድሮ አሜሪካኖች ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት ሁለት እያደረጉ ያሽቀዳድሟት የነበረች መኪና ናት። እኛ የምንሰበስበው ግን እውነተኛዋን ሳይሆን መዳፍ ላይ የምትቀመጠዋን፣ ከብረት የተሠራችውን ነው። የፊት ጎማዋ የቀጠነ፣ የኋላው እንደ ጆንያ ያበጠ፣ ሞተሯ ከኮፈኑ በላይ ብቅ ያለ። የአንዳንዷ ቦዲ ብድግ ይላል፤ ውስጧን ስታየው የነዳጅ ቱቦዋ ሳይቀር እንደ ክር ተዘርግቷል። ያንን በማጉያ መስተዋት ስናይ እንውላለን። ሁለታችንም መንጃ ፈቃድ የለንም።

ጡረታ ስንወጣ እሱ ደንሃግ፣ እኔ አምስተርዳም ኖርድ ቀረን። ስንደዋወል መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ድራጎችህ ደህና ናቸው?» ብለን ነው። መኪና ብለን ጠርተናቸው አናውቅም።

ባለፈው የብርድ ወራት ሳንባው እምቢ አለ። ሚስትም ልጅም የለው፤ ታናሽ እህቱ ሥራዋን ትታ ከሮተርዳም መጥታ ታስታምመው ጀመር። እኔና እሷ በመልክ አንተዋወቅም። ሐኪሙ ለሕመሙ ያዘዘለትን ሞርፊን እንኳ «ሱስ ይሆንበታል» እያለች፣ እያማተበች ነበር አሉ የምትሰጠው። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ድምፁ ስለደከመ ስልኩን የምታነሣው እሷ ሆነች። በዚያው ሰሞን ስንፈልጋት የኖርናትን ነጯን ድራግ ገበያ ላይ አገኘኋትና ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ደወልኩ።

«እንዴት አደረ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«የድራግ ጓደኛው በይው። ነጯን አግኝቼለታለሁ፣ ዛሬውኑ ይዤለት እመጣለሁ። እሷን ካገኘ ሕመሙን ይረሳል።»

«አባቴ፣ የምርዎን ነው?» አለችኝ።

«ምን ነካሽ፣ ስንት ዘመን የተመኘናት እኮ ናት!»

ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ውሃውን በጀልባ ተሻግሬ፣ ባቡር ይዤ ደንሃግ ሄድኩ። ነጯን በጋዜጣ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከትቻታለሁ። እህቲቱ ሰንሰለቱን ሳትፈታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ሽበትዎን አያፍሩም? የሚሞት ሰው ቤት ይህን ይዘው ይመጣሉ?»

«ልጄ፣ ትንሽ ደስ ይበለው ብዬ ነው። ቆይ ላሳይሽ።»

ፌስታሉን ስከፍት ዓይኗን ጨፈነች። «እንዳያሳዩኝ! ዳግመኛ ቢመጡ ፖሊስ እጠራለሁ» ብላ ዘጋችው። በዚያ ሁሉ ንዴቷ አንቱታዋን አልተወችም። እኔ ደግሞ በሽምግልናዬ በመጫወቻ መጃጃሌ ያናደዳት መሰለኝ። ከውስጥ ሳሉ ይሰማኛል። የታመመ ሰው ደጅ ላይ መጨቃጨቅ አያምርም ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ብደውልም ቁጥሬን እያየች አታነሣም።

መሞቱን የነገረኝ አብሮን መጋዘን ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

ለቅሶ ስገባ እህቲቱ ከሴቶቹ መሀል ተነሣችና እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። አልጋው ላይ የጫማ ካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል። ድራጎቹ አንድ በአንድ ካልሲ ለብሰው ተኝተዋል። ልብሱን ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ ስትለይ ነው ያገኘቻቸው።

«ድራግ የምትሉት እነዚህን ነው?»

«አዎ። ሌላ ምን አለ?»

«እኔ የሚጨሰው፣ የሚወጋው መስሎኝ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ነጯን ይዤ እመጣለሁ ሲሉኝማ፣ ወንድሜን ዕፅ ያስለመደው ይህ ሽማግሌ ነው አልኩ።»

ሳቅ መጣብኝ። በለቅሶ ቤት፣ እውነቴን ነው። አንዷን ድራግ ከካልሲዋ አውጥቼ እያየሁ፣

«ጠርቶኝ ነበር?» አልኳት።

«በየቀኑ። ‹መጣ?› ይለኛል። ‹ሥራ በዝቶበት ነው› እለዋለሁ።»

«ሥራ? ጡረታ መውጣቴን እያወቀ?»

አንገቷን ደፋች።

«መጨረሻ ላይ መጠየቁን ተወው» አለች።

አስከትላም እግሬ ላይ ወደቀች። ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብዬ በሁለት ክንዷ ይዤ አነሣኋት። «ተነሺ፣ ለወንድምሽ ብለሽ ነው። እኔ ምንም አልያዝኩብሽም» አልኳት። ይህ የወጣው ከአፌ ነው። ሆዴ እስከ ዛሬ እሺ አላለኝም።