ደብረ ሲና ላይ ወራጅ አለ

ወንፊት ባየሁ ቁጥር አባባ ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት ወንፊት በሥራ ቀን ዱቄት ይነፋበታል፤ እሁድ ግን የመኪና መሪ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባባ ወደ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኮቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እማዬ ደግሞ የካ ተወልዳ የካ ያደገች፣ ከሰንዳፋ ወዲያ ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። ምኞቷ አንድ ነበር፤ በረሃውን አቋርጣ ባሕሩን ማየት። አባባም የመኪናውን ጌታ አስፈቅዶ፣ መስቀል ሲያልፍ ሁላችንንም ጭኖ ሊወስደን ቃል ገባላት። እስከዚያው ግን መንገዱን መለማመድ አለባችሁ አለ። «መንገዱን የማያውቅ ሰው ያስመልሰዋል፤ እኔ ትውከት ስጠርግ አሰብ አልደርስም!»

ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አግዳሚ ወንበሩን ግቢ አውጥተን፣ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥተን እናስቀምጠዋለን። አባባ ወንፊቱን ይዞ ከፊት በርጩማ ላይ፣ እማዬ፣ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ከኋላው። ማርሽ የሚቀይረው በአፉ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ መነሣታችንን ያውቃል። ኮተቤን፣ ሰንዳፋን እናልፋለን። ደብረ ብርሃን ላይ «ብርድ ነው፣ ተከናነቡ!» ይላል፤ አንድ ጋቢ ለአራት እንሻማለን። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ከዋሻው ስንወጣ ገደሉን፣ ከእግራችን በታች የተኛውን ደመና ሲነግረን እማዬ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች። የእውነት ትፈራ ነበር።

ቁልቁለቱን በፍሬን ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ፣ ሁልጊዜ ልክ እዚያ ስንደርስ፣ የወጡ ሽታ ከማድቤት ይመጣል። ሊያር ነው። እማዬ ጋቢውን ከትከሻዋ ታወርድና «ወራጅ አለ!» ትላለች። እንስቃለን። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አንቺም ነይ፣ ታቀራርቢልኛለሽ» ትለኛለች። ሴት ልጅ አይደለሁ! እወርዳለሁ።

አባባ «መኪና ሰው አይጠብቅም!» ብሎ ጥሎን ይነዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ወንድሞቼ ሙቀቱን ሰበብ አድርገው ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ሁካታቸው ማድቤት ድረስ ይሰማናል። ባቲን አልፈው በረሃው ውስጥ ሲገቡ ግን ድምፃቸው ይጠፋል፤ በረሃውን አባባ በሹክሹክታ ነበር የሚነግራቸው። ምሳ ሲቀርብ ከባሕር ተመልሰው ይመጣሉ። እማዬ «እንዴት ነበር?» ስትለው «በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ አሁን ብነግርሽ ኋላ ምን ያስደንቅሻል?» ይላታል።

መስቀል መጣ፣ አለፈ። አንዱን ዓመት ጭነት በዛ፤ ሌላውን ዓመት እማዬ ታመመች፤ በሌላው መኪናው ጋራዥ ገብቶ ከረመ። ነገ ዛሬ ሲባል አባባን ወገቡ ያዘውና ከመሪው ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አቤት፣ እንዴት እንደሚቆጨኝ! አንድ ጊዜ፣ አንድ እሁድ እንኳ ወጡ ቢያር ምን ነበረበት?

ዛሬ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ መኪና አላት፤ ነገር ግን አሰብ ድንበር ማዶ ቀርቷል፣ እማዬም ከአልጋዋ እስከ በሩ መሄድ ያቅታታል። ወንድሞቼም አባባን ተከትለው አልፈዋል።

በቀደም እሁድ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ «እስቲ ንጂን» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ከኮተቤ ተነሣሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢዋን ሳብ አደረግሁላት፤ ጣርማ በር ላይ እንደ ድሮው እጄን ያዘችኝ። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆም ብዬ ጠበቅኋት።

«ዛሬ አልወርድም» አለች። «የጣድኩት ነገር የለም።»

ዓይኗን ጨፍና በረሃውን ትጠብቅ ጀመር። እኔ ግን በየእሁዱ አብሬያት የወረድኩ ነኝ። አባባ ለወንድሞቼ ምን ይላቸው እንደነበር በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። ያኔ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበረን፣ እሷ ጊዜ አልነበራትም፤ ዛሬ ጊዜዋ ሁሉ የራሷ ነው። እንደ አባባ በአፌ ማርሽ ቀየርኩ፤ መኪናው ግን ከደብረ ሲና ንቅንቅ አላለም።

ገባት መሰለኝ፣ እጄን ሳትለቅ ወደኔ ጠጋ አለች።

«እንግዲያው» አለች፣ «እዚሁ ደብረ ሲና ትንሽ እንረፍ።»