ጋዙ በየት ይውጣ

ገላነሽ ከርብ ወንዝ ማዶ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ወረታ ገባች። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ የቀዶ ጥገና ክፍል ጽዳት ሆና ስትቀጠር እኔ ካርድ ክፍል ነበርሁ። ወለል ታጥባለች፣ ጨርቅ ትቀቅላለች፤ ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ደግሞ በሽተኛው እስኪነቃ ከራስጌው ትቀመጣለች። የሳበውን የማደንዘዣ ጋዝ መልሶ ሲተነፍሰው የምትቀበለው እሷ ናት። ማታ ራሷን ይዛ ስትገባ ባሏ ያየህ «ጠላ ቤት ዋልሽ ወይ?» ይላታል።

ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም በሚስማር ተመቷል። ከጎን የሩዝ ወፍጮ አለ። መስኮቱ ከተከፈተ ብናኙ የተከፈተ ሆድ ላይ ያርፋል። የክሊኒኩ ኃላፊ ያስመቱት ለዚህ ነው፤ አልተሳሳቱም።

ገላነሽ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሦስት በሦስት ወራቸው ወረዱባት። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፤ አማቷ ውኃ መሸከሙ ነው አሉ። በ1996 ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደገና አረገዘች። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አማረ የሚባል ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣ። ጋዝ ባለበት ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ቫይታሚን ሲ እና ኢ ቢወስዱ ሰውነታቸው ጉዳቱን ይቋቋም እንደሆነ ሊያጠና ነው። ለቀዶ ጥገና ክፍሉ አምስት ሠራተኞች ሁለት ሁለት ብልቃጥ ሰጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ዋጡ አላቸው። እሱም ጿሚ ነው፤ የጥናቱ ወረቀት ግን ቁርስ ይላል። ከሄደ በኋላ ማደንዘዣ ሰጪው ደሳለው ብልቃጡን አገላብጦ ቢያነብ የአንደኛው እንክብል ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት የተሠራ ሆኖ ተገኘ። አምስቱም ብልቃጣቸውን ለፋሲካ አስቀመጡ።

አማረ ከፋሲካ በኋላ ወዲያው ደም ሊወስድ ሲመጣ ብልቃጦቹ እንደ ሞሉ ናቸው። ለምን ብሎ ጠየቀ።

«ታመን ቢሆን ቄሱም ይፈቅዱልን ነበር» አለች ገላነሽ። «እርስዎ ግን ጤነኞች ናችሁ ብለው ነው የሰጡን።»

አማረ ይህንንም ጻፈው።

«ለመሆኑ ቫይታሚኑ ጋዙን ከክፍሉ ያወጣዋል?» አለችው።

«አያወጣም እህቴ።»

«እንግዲያ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለት ወርደውብኛል፤ ይኸኛው እንዲወርድ አልፈልግም።»

አማረ የውርጃዎቹ ምክንያት ጋዙ ነው ብሎ በእርግጥ መናገር እንደማይቻል፣ እርጉዝ ሴትም ጥናቱ ውስጥ እንደማትገባ አስረዳና ብልቃጧን ወሰደ። ኃላፊው ከዛሬ ጀምሮ ልብስ ማጠቢያ ትሂድ፣ በእሷ ቦታ ልብስ አጣቢዋ መስከረም ትግባ አሉ። ገላነሽ አልተነሳችም።

«መስከረምስ? በጥር እኮ ነው ያገባች» አለች። «ሰው እየቀየርን እስከ መቼ? ጋዙ ይውጣ እንጂ።»

በማግስቱ ያየህ ነገሩን ከእሷ ሰምቶ ሽንኩርት ከሚያጠጣበት የውኃ ሞተር ቱቦ ቆርጦ አመጣ። ደሳለው ከማሽኑ የጋዝ መውጫ ጋር ገጠመና ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ አወጣው። በሽተኛውም በረንዳ ላይ እንዲነቃ፣ በወፍጮው በኩል መጋረጃ እንዲደረግ ተወሰነ። ገላነሽ ልብስ ማጠቢያ ወረደች።

ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ቱቦው ይሁን፣ ልብስ ማጠቢያው ይሁን፣ እግዜር ይሁን እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። ከወሊድ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ስትመለስ ግን መጀመሪያ የቱቦውን መጋጠሚያ ጎትታ፣ ጥብቅ መሆኑን አይታ ነው መጥረጊያዋን ያነሳች።