በባለቤቴ ጆሮ ውስጥ ያለችው ሴት

ባለቤቴ ዓይነ ስውር ናት። መሃል ከተማ ልባሽ ጨርቅ መሸጥ ከጀመርን ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎናል። ቦንዳ ሲፈታ ጥጡን ከናይለኑ በጣቷ የምትለየው እሷ ናት፤ ደረሰኙን፣ የመድኃኒት ወረቀቱን፣ የስልክ መልእክቱን የማነበው ደግሞ እኔ። ሥራ ተከፋፍለናል እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያለ እኔ አንድ ፊደል ወደ እሷ እንደማይደርስ ማወቄ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ልጃችን ጡት ሳይጥል እኔ ሦስተኛ አማረኝ። እሷ ትንሽ እንረፍ አለች። ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጣ እኔን፣ «ምን ዓይነት መከላከያ ትፈልጋለች?» አለችኝ፤ ለልጁ ጫማ የሚገዛ ደንበኛ እንደሚጠየቀው። አስበንበት እንመጣለን ብዬ በራሪ ወረቀቷን ተቀበልኩ።

ቤት ገብተን አነበብኩላት። ክንድ ውስጥ ከሚቀበረው ስደርስ ራስ ምታቱን፣ የወር አበባ መዛባቱን ረጋ ብዬ፣ ደግሜ አነበብኩ። በፈለገች ጊዜ እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላም መውለድ እንደሚቻል የሚናገረውን መስመር ግን ዘለልኩት። ያመነችኝ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ፣ እንደ እሷው ማየት የተሳናት ጓደኛዋ፣ አንዲት ሐኪም ስለ ወሊድ መከላከያ የምታስረዳበትን ድምፅ በቴሌግራም ላከችላት። ከዚያ ወዲያ ኢርፎኑ ከጆሮዋ አልወጣም። ሸሚዝ እያጠፈች ታዳምጣለች፤ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ምን አለችሽ ስላት የሴት ነገር ነው ትለኛለች። ድምፁ የወንድ ቢሆን ቅናቴን ለሰው አስረዳ ነበር። በሴት፣ ያውም በተቀዳች ሴት ቀናሁ ብዬ ለማን ልናገር? አንድ ቀን ስልኳን ቻርጅ ላይ መሰካት «ረሳሁ»። ጎረቤት ሱቅ ሰክታው መጣች።

በማግስቱ ቦንዳ ስንፈታ፣ አብሮን የገዛው ሸሪኬ አንድ ደህና ጃኬት አነሳ። ለራሴ ስለፈለግኩት እንደ ልማዴ አጣጣልኩት፤ ዚፑ አይቆይም፣ ብብቱ ሳስቷል አልኩ። ጥሎት ሄደ። ባለቤቴ ጃኬቱን ስባ ዚፑን ሁለቴ ከፍታ ዘጋችው፤ ብብቱን ዳሰሰች።

«ወረቀቱንም እንዲህ ነው ያነበብክልኝ» አለች፤ «ለራስህ እንዲመችህ።»

ጃኬቱን ተቀብዬ ከሚሸጡት ጋር ሰቀልኩት።

ጤና ጣቢያ ተመልሰን ሄድን። ነርሷ ዛሬም ወደ እኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ክንዱ የኔ ነው» አለች ባለቤቴ፤ «እኔን ጠይቂኝ።»

ከዚያ ባለቤቴ ውጭ እንድጠብቅ ነገረችኝ። በር ላይ ቆሜ ስትስቅ ሰማኋት፤ በነርሷም ቀናሁ። ስትወጣ ክንዷ በፋሻ ታስሯል።

ባጃጅ ውስጥ የቀጠሮ ካርዱን እጄ ላይ አኖረችና አንብብልኝ አለች። ቀኑን፣ ማሳሰቢያውን፣ በፈለገች ጊዜ ማስወጣት እንደምትችል የሚለውን፣ ታች እስካለው የማተሚያ ቤቱ ስም ድረስ አነበብኩላት። አንድም መስመር አልዘለልኩም።

አዳመጠችኝ፤ በአንድ ጆሮዋ። በሌላኛው ያቺ ሴት ነበረች።